ፓስፖርታችንን ላስመለሱልን ሰዎች ምስጋና፣ ሥራ ለምትፈልጉ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖች፣ ይሄን ፖስት ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። አሁን የምሠራበትን ካምፓኒ፣ በተለይ ደግሞ የሠራተኛ መብት የሚከታተለውን ክፍላቸውን በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሙን እዚህ ብጽፈው የበፊቱ ኤጀንሲም አብሮ ስለሚታወቅ ጣጣ ነው፣ የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት በቀጥታ በካምፓኒው ሳይሆን ሰው በሚያቀርብለት ኤጀንሲ በኩል ነበር። ገና ስገባ "እንዳይጠፋብሽ ነው" ተብሎ ፓስፖርቴ ተወሰደ፣ የደላላው ብድር በየወሩ ከደሞዜ ይቆረጣል፣ ስንት እንደቀረኝ የሚያውቁት ግን እነሱ ብቻ ናቸው። ማንም አልመታኝም፣ በርም አልተቆለፈብኝም፣ ለዛ ነው ብዙዎቻችን ባርነት ሲባል እኛን የማይመለከተን የሚመስለን። በኋላ በሰጡን ስልጠና ነው አይኤልኦ (የዓለም የሥራ ድርጅት) የግዳጅ ሥራ ምልክት ብሎ የዘረዘራቸው 11 ነገሮች እንዳሉ የሰማሁት፣ ፓስፖርት መያዝ፣ ደሞዝ ማስቀረት፣ በዕዳ ማሰር፣ ማታለል ሁሉም እዛ ውስጥ አሉ፣ እኔ ላይ ስንቱ እንደነበር እናንተው ቁጠሩት። በፈረንጅ 2021 ብቻ 27.6 ሚሊዮን ሰው በግዳጅ ሥራ ውስጥ እንደነበረም ነገሩን።

ከካምፓኒው የሠራተኛ መብት ክፍል ለቁጥጥር ሰው ይመጣል ሲባል የለመድኩት ድራማ መስሎኝ ነበር፣ ሱፐርቫይዘሩ አጠገብሽ ቆሞ "ችግር አለ?" ትባያለሽ፣ "የለም" ትያለሽ፣ ትፈርሚያለሽ፣ አለቀ። የመጣችው ልጅ ግን ሱፐርቫይዘሩን "ይቅርታ፣ ውጭ ይጠብቁን" አለችው፣ ሲያንገራግር ራሷ ተነስታ በሩን ከፈተችለት። ከዛ አማርኛ የምትችል አስተርጓሚ በስልክ አስገባች፣ ኤጀንሲው ያመጣት እንዳልሆነች ልብ በሉልኝ። "ፓስፖርትሽ የት ነው?" ብትለኝ የተጠናውን መልስ እሰጣት ነበር፣ እሷ ግን "ዛሬ ማታ ፓስፖርትሽን ብትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ?" ነው ያለችኝ። "ቁልፉን የያዘው ሰውዬ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ እሱም ደስ ካለው ይሰጠኛል" ብዬ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። በቃ ከዛ በኋላ ጉዱ ሁሉ ተዘረገፈ።

እውነት ለመናገር የፈራሁት ኤጀንሲውን በማግስቱ ያባርሩትና እኛም ሜዳ ላይ እንወድቃለን ብዬ ነው፣ ብዙ ካምፓኒ የሚያደርገው እሱን ነዋ፣ ስሙን ለማዳን ውል ያቋርጣል ሠራተኛው ደግሞ ዕዳውን ይዞ ይቀራል። እነሱ ግን መጀመሪያ ፓስፖርታችንን አስመለሱ፣ ለየራሳችን ቁልፍ ያለው ሎከር ሰጡን። ቀጥሎ ለደላላ የከፈልነውን ማስመለስ ተጀመረ። ደረሰኝ ያለው በደረሰኙ፣ የሌለው ደግሞ (የትኛው ደላላ ነው ደረሰኝ የሚሰጠው?) በአንድ መንገድ የመጣነውን ለየብቻ ጠይቀው ቃላችንን እያመሳከሩ ነው። ኤጀንሲው አልከፍልም ያለውን ካምፓኒው ራሱ ሸፈነው፣ ከዛ በኋላ ነው ውሉን አቋርጠው እኛን በቀጥታ የቀጠሩን።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ነበር እያልኩ አይደለም። ገንዘቡ ተቆራርጦ ነው የመጣው፣ በጣምም ቆየ፣ የቅሬታ ስልኩም ያኔ እኛ በማንችለው ቋንቋ ብቻ ስለነበር ማንም አይደውልበትም ነበር። ይሄንን ፊት ለፊት ነግረናቸዋል።

ሌላ ቦታ ሥራ ለምታስቡ ደግሞ፣ ዌብሳይታቸው ላይ የዘመናዊ ባርነት መግለጫ (በራሳቸውና በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ የግዳጅ ሥራ እንዳይኖር ምን እንዳደረጉ የሚጽፉት) አለ ብላችሁ ብቻ እንዳትሸወዱ። በፈረንጅ 2015 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ዓመታዊ ሽያጫቸው 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዛ በላይ የሆነ ካምፓኒዎች በየዓመቱ እንዲያወጡ ያስገድዳል፣ አውስትራሊያም በፈረንጅ 2018 የራሷን አውጥታለች፣ ግን የእንግሊዙ ሕግ "ምንም እርምጃ አልወሰድንም" ብሎ መጻፍንም ይፈቅዳል፣ አስቡት! እኔ መግለጫ ሳነብ መጀመሪያ የማየው ችግር አገኘን ብለዋል ወይ የሚለውን ነው። ስንት ሺህ አቅራቢ እያለው አንድም ችግር አላገኘሁም የሚል ካምፓኒ ወይ አልፈለገም ወይ ደብቋል። ሌላው፣ የቅጥር ወጪውን አሠሪው ነው የሚከፍለው ተብሎ በግልጽ ተጽፏል ወይ? ኤጀንሲ ከሠራተኛ ገንዘብ መውሰድ እንደሌለበት የአይኤልኦ 181ኛው ኮንቬንሽን ከፈረንጅ 1997 ጀምሮ በመርህ ደረጃ ያስቀመጠው ነገር ነው፣ "ሁሉም ይከፍላል" ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ።

ለዛች ልጅ እግዜር ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚዋም እህቴ፣ ስምሽን ባላውቀውም ድምፅሽን መቼም አልረሳውም፣ እያለቀስኩ ስናገር ታግሰሽኛልና ተባረኪ።

አሁን ሰው እየቀጠሩ ነው፣ ማመልከቻው ነጻ ነው፣ "እኔ አስገባችኋለሁ" የሚል ሰው ከመጣ ገንዘብ ሰጥታችሁት እንዳትሄዱ። በሌላ አቅራቢ ስር ሆናችሁ እዛው ሳይት ላይ የምትሠሩም ካላችሁ የቅሬታ ስልኩ አሁን በአማርኛ ይመልሳል፣ ስም ሳትናገሩም መደወል ትችላላችሁ፣ ቁጥሩን በኢንቦክስ እልካለሁ።