«ለሙዚቃ ምርጥ ናት» ተብላችሁ ስም የለሽ ቲቪ ቦክስ እንዳትገዙ

ወገኖች፣ ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለማዳመጥ ብላችሁ አምራቹ የማይታወቅ የአንድሮይድ ቲቪ ቦክስ (ከቲቪ ጋር ተያይዞ ቪዲዮና ሙዚቃ የሚያጫውት ትንሽ ዕቃ) ልትገዙ ከሆነ ትንሽ ታገሱ። እኔ 8,500 ብር አውጥቼበታለሁ።

በፊት አሮጌ ላፕቶፔን ከአምፕሊፋየር ጋር አያይዤ ነበር የማዳምጠው። ፋኑ ሲጮህ ሰለቸኝና መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ኮምፒውተር ለሥራ ነው፤ ለሙዚቃ ይቺን ውሰድ፣ 64 ጂቢ ናት» አለኝ። ካርቶኑም ላይ እንደዚያው ተጽፏል። አመንኩት።

ማታ የአባቴን የካሴት ዘፈኖች ገለበጥኩባት። ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያጫወትኩ ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ኮፒው ያለችግር አለቀ። ፋይሎቹ ከነስማቸው ተደርድረዋል። ስከፍታቸው ግን የሚሠሩት የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው። አንዱ ላይ ማሲንቆው መግቢያውን እንደጀመረ ቀጥ አለ። ከሱ በኋላ ያሉት ጭራሽ ባዶ ናቸው። ደምሬ ሳየው የተረፈው 5 ጂቢ አይሞላም። ዋናው ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ባይኖር ኖሮ የአባቴ ዘፈኖች ጠፍተው ነበር።

አጭበርባሪዎች የቦክሱን ሶፍትዌር ነካክተው የሌለ የማከማቻ መጠን እንዲያሳይ ያደርጉታል። ስለዚህ ሴቲንግ ከፍቶ ማየት አይበቃም። እዚያው ሱቅ ውስጥ ከፍላሽ 10 ወይም 15 ጂቢ አስገልብጡና መጨረሻ የገባውን ፋይል ከፍታችሁ ስሙት። ሻጩ እምቢ ካለ ጥላችሁ ውጡ።

ከዚህ የባሰም አለ። አብሯት የመጣው ወረቀት የጎግልን «ፕሌይ ፕሮቴክት»፣ ማለትም አደገኛ አፖችን የሚፈትሸውን መከላከያ፣ አጥፉ ይላል። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ባድቦክስ 2.0 ስለሚባለው ቫይረስ ሲያስጠነቅቅ ከጠቀሳቸው ምልክቶች አንዱ ይሄው ነው። አንዳንዶቹ ቦክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ቫይረሱ አለባቸው። የቤታችሁን ዋይፋይ ለሌቦች መተላለፊያ ያደርጉታል። እቤታችሁ እንዲህ ያለ ቦክስ ካለ ዛሬውኑ ከዋይፋዩ አላቁትና የይለፍ ቃሉን ቀይሩ።

የድምፁም ነገር ያው ነው። ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ ነው የሚይዘው፤ አንድሮይድ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ወደ 48,000 ቀይሮ ነው የሚያወጣው። ይሄን ጆሮ ላይለየው ይችላል። የኔዋ ግን በኦዲዮ ቀዳዳዋ በኩል ዘፈኑ ጸጥ ባለ ቁጥር እዝዝዝ ትላለች።

አሁን ወደ ላፕቶፔ ተመልሻለሁ። ፋኑን አስጠረግኩት፣ የሚጮኸውም አቧራ ስለሞላው ኖሯል። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዳክ (የኮምፒውተሩን ዲጂታል ፋይል ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይር ዕቃ) ከቦክሷ ዋጋ ግማሽ ባልሞላ ገዛሁ። ፉባር2000 የሚባለው ነፃ ማጫወቻ፣ ሴቲንጉ ከተስተካከለ፣ ፋይሉን ሳይነካካ ወደ ዳኩ ይልከዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ኢርፎን ሰክቼ እቀጥላለሁ። ስም ካለው አምራች የሚመጡ የሙዚቃ ስትሪመሮች (ከኢንተርኔት ወይም ከቤት ኔትወርክ ሙዚቃ የሚያጫውቱ ዕቃዎች) ጥሩ ናቸው፤ እንደ ላፕቶፕ ፋን አይጮኹም፣ በስልክ ይታዘዛሉ። አቅሙ ያለው ይግዛ።

ቦክሷን ልመልስ ስሄድ ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ አሳየኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ የማስለወጥ ወይም ገንዘብ የማስመለስ መብት ይሰጣል። እኔ ያለ ደረሰኝ ስለገዛሁ መከራከሪያ አጣሁ። እናንተ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከሱቅ እንዳትወጡ።