ማዘር ቱ ቤቢ፦ ከማሪዋና ሻጩ በፊት መደወል የነበረብኝ ስልክ

የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ የቁሌት ሽታ ብቻ ያስመልሰኝ ነበር። ውሃ እንኳ ሆዴ ውስጥ አይረጋም። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ከፈረንጆቹ 2014 ጀምሮ ማሪዋና በሱቅ ይሸጣል። እንጀራ ከምገዛበት ሁለት በር አለፍ ብሎ አንድ ሱቅ አለ። ገባሁ። "ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ማቅለሽለሹ ገደለኝ" አልኩት ሻጩን። "ጋሚውን፣ እንደ ከረሜላ የሚታኘከውን ማሪዋና ውሰጂ፣ ጭስ የለው፣ ተፈጥሯዊ ነው" አለኝ። አምኜው ገዛሁ።

ቤት ስገባ ግን እጄ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ማዘር ቱ ቤቢ ደወልኩ። በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜ ስለሚወሰድ ነገር ሁሉ ባለሙያ በነፃና በምስጢር የሚመልስበት አገልግሎት ነው።

ቁጣዋን ፈርቼ ነበር። ያነጋገረችኝ ሴት ግን የጠየቀችኝ ስንተኛ ሳምንቴ እንደሆነና ወስጄ እንደሆነ ብቻ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል። ቢበላም ቢጨስም መንገዱ በደም ነው። የፅንሱ አንጎል ሲሠራ ነርቮቹ ቦታቸውን እንዲይዙና እርስ በርስ እንዲገናኙ የሚያግዝ የራሱ ሥርዓት አለው። ቲኤችሲ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።

በ2020 የወጣ ጥናትም ነገረችኝ። ከ11,000 በላይ የ9 እና የ10 ዓመት የአሜሪካ ልጆች የታዩበት ነው። እናቶቻቸው ማርገዛቸውን ካወቁ በኋላም ማሪዋና የተጠቀሙባቸው ልጆች ላይ የትኩረትና የጠባይ ችግር በዛ ብሎ ተገኝቷል። "እያንዳንዱ ልጅ ይጎዳል ማለት አይደለም። ግን ችግር የለውም የተባለ መጠን የለም" አለችኝ። አላስፈራራችኝም፣ አላባበለችኝምም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይኼ ነው።

ስለ ቫይታሚን ቢ6 እና ለማቅለሽለሽ ስለሚሰጠው መድኃኒት፣ ዶክሲላሚን፣ ሐኪሜን እንድጠይቅ መከረችኝ፤ ሐኪሜም አዘዘልኝ። ማቅለሽለሹ ጨርሶ ባይጠፋም አጥሚት መጠጣት ቻልኩ።

በኋላ ያነበብኩት ግን እስካሁን ያበሳጨኛል። በ2018 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች የ8 ሳምንት ነፍሰ ጡር መስለው ኮሎራዶ ውስጥ 400 ሱቆች ጋ ደውለው ነበር። ከ10ሩ 7ቱ ገደማ ለማቅለሽለሹ ማሪዋና መክረዋል። ስምንት ሳምንት! ልክ እንደ እኔ።

የማዘር ቱ ቤቢ ጽሑፎች በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ናቸው። ስለ ማሪዋና ያለውን ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ በስልክ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። እሷም ስድስተኛ ሳምንቷ ላይ ናት። ቁጥሩን እንደ እሷ ያዙት፦ 866-626-6847።