በትንሽ በጀት የሠርግ ካርድ፦ አራት ኪሎ ያሳተምንበት ቤት እንዴት ነበር?

የእህቴ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ከተማው ሁሉ በሚያገባበት ሰሞን። ሁሉም ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመደገስ ስለሚሯሯጥ ጥር ላይ ማተሚያ ቤቶች መተንፈሻ የላቸውም። እኛ ኅዳር ላይ ጀመርን፤ ለመከራከርም ጊዜ አገኘን።

ፒያሳ የምናውቀው ቤት በ2016ቱ የኮሪደር ልማት ፈርሷል። መርካቶ ዝግጁ ካርድ አለ፤ አበባውም ሪባኑም አብሮት የመጣ፣ የእናንተ ስምና ቀን ብቻ የሚታተምበት። ዋጋው ደህና ነው። ችግሩ ያንኑ ካርድ ሌላ ሠርግም ላይ ታገኙታላችሁ። እናቴ ገና ስታየው «ይሄ የነማን ነበር?» አለች፤ በቃ፣ ቀረ።

ከዚያ አራት ኪሎ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ገባን። ዋጋ ሲነግሩን «የዛሬ ነው» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ግን ወረቀቱ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የወር በፊት ዋጋ ይዞ መሄድ አያዋጣም። ስለዚህ እዚህም ቁጥር አልጽፍላችሁም። «ከነቫቱ ነው?» ብላችሁ ግን ጠይቁ፤ 15 በመቶ መጨረሻ ላይ ሲደመር ያናድዳል።

ሰዎቹን የወደድኳቸው እውነቱን ስለነገሩን ነው። ኦፍሴት በሚባለው ማተሚያ መጀመሪያ ፕሌት፣ ማለትም የማተሚያ ቅርጽ፣ ይሠራል፣ የፕሌቱ ወጪ ደግሞ ትንሽም አሳተማችሁ ብዙ ያው ነው፤ ስለዚህ የሚያዋጣው ካርዱ ሲበዛ ነው። ለእኛ ብዛት ዲጂታል፣ ያለ ፕሌት በቀጥታ ከኮምፒውተር የሚታተመው፣ እንደሚሻል ራሳቸው ነገሩን። ወርቃማ ፎይሉን ተውነው፤ ያምራል፣ ግን ያስከፍላል። በሱ ፈንታ ወፍራም ወረቀት አዘዝን፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን። ካርድ እጅ ላይ ሲያዝ የሚያስከብረው ውፍረቱ ነው፣ ብልጭልጩ አይደለም፤ የእኔ ሐሳብ ነው፣ እህቴ አሁንም አትስማማም።

ብሩን በደንብ የቀነሰልን ግን ቆጠራው ነው። ካርድ በሰው ሳይሆን በቤት ነው የሚቆጠረው፤ «ከነቤተሰብዎ» ካላችሁ ለአንድ ቤት አንድ ይበቃል። የሙሽራውና የሙሽሪት ወገን ለየብቻ ማሳተማቸውን ትተው የሁለቱንም ወላጆች ስም በአንድ ካርድ ላይ አደረጉ። (የማን ስም ይቅደም የሚለውን ለሽማግሌ ተውኩት።) የወረቀቱ ካርድ ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለዕድር፤ ለጓደኛና ለመሥሪያ ቤት ሰው በቴሌግራም። ለዚህ ፋይሉን ከማተሚያ ቤቱ መቀበል አለባችሁ፣ አንዳንዱ ለብቻው ያስከፍላል፤ ቀብድ ሳትከፍሉ ተነጋገሩ። የአዳራሹን ካርታ በኪውአር ኮድ ካርዱ ላይ ማስገባትም ጥሩ ነው፣ «ከአደባባዩ አለፍ ብሎ» እያሉ ስልክ ላይ ከመዋል ያድናል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ጽሑፉን በቴሌግራም ልከንላቸው ነበር፣ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የግዕዝ ፊደል ፎንት የድሮ ስለሆነ ከስልክ የተላከው አይነበብም፤ እንደገና ተየቡት። እንደገና ሲተየብ ደግሞ ስህተት ይገባል። የአባቴ ስም ላይ አንድ ፊደል ጎደለ። በእንግሊዝኛው ገጽ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት የሚለውን እንዳለ 6 ሰዓት አድርገውት አረፉ፤ ከውጭ የሚመጣው ዘመድ ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከች ሊል ነበር። ደግነቱ ናሙናውን በወረቀት አትመው ስላሳዩን ሁሉንም ያዝነው። በስልክ ፎቶ አይታችሁ «እሺ» አትበሉ። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር አመሳክሩ፣ የሳምንቱን ቀን ጭምር።

ዲዛይን የሚሠራው ልጅ ትዕግሥቱ ለጉድ ነው። እናቴን «ማዘር» እያለ መስመሩን ከፍ ዝቅ ሲያደርግላት ዋለ፣ ፊቱ አልተቀየረም። ማድረሱ ላይ ከቀጠሮው ትንሽ ዘገዩ፤ ቀደም ብለን ስለጀመርን አልጎዳንም፣ ጥር ላይ ቢሆን ግን ጉድ ነበር።

ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በፖስታው ነው። ቀድመው የቆረጡት ፖስታ ለወፍራሙ ወረቀት ጠበበ፤ ካርዱ ታግሎ ይገባል፣ ሲወጣ ጫፉ ይታጠፋል። ወፍራም ወረቀት ካዘዛችሁ አንድ ካርድ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ፖስታው በሱ ልክ ይሠራ በሉ።