ኔትጋሊ እና የጉድሪድስ ጊቭአዌይ፦ "በነጻ" የሚሰጠው ልብወለድ ስንት ያስከፍላል

ቲክቶክ ላይ የመጽሐፍ ሰዎች ገና ገበያ ላይ ያልዋለ ልብወለድ አንብበው ሲያለቅሱ ሲያብዱ አይታችሁ "ቆይ ከየት አመጡት?" ብላችሁ ከሆነ፣ ባብዛኛው ወይ አሳታሚው ራሱ በፖስታ ልኮላቸው ነው ወይ ኔትጋሊ ከሚባለው፣ አሳታሚዎች ያልወጣ መጽሐፍ ለአንባቢ ከሚሰጡበት ድረገጽ አውርደውት ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ላለ ሰው በፖስታ የሚልክ አሳታሚ የለም፣ ስለዚህ እኔ የምጠቀመው ኔትጋሊን ነው። ጉድሪድስ የሚባለው የአንባቢዎች ድረገጽ የሚያወጣውን ጊቭአዌይ፣ ማለትም የመጽሐፍ ዕጣ፣ አብሬ የማነሳው ሁለቱም የተሰሩት ለአንድ ስራ ስለሆነ ነው፣ መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት እንዲወራለት።

ኔትጋሊ እ.ኤ.አ ከ2008 ጀምሮ ያለ ነው። አንባቢ አምስት ሳንቲም አይከፍልም፣ ከፋዩ አሳታሚው ወይ ደራሲው ነው። አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ምን አይነት መጽሐፍ እንደምታነቡና ሪቪው (ስለ መጽሐፉ ያላችሁን አስተያየት) የት የት እንደምትጽፉ ፕሮፋይላችሁ ላይ ታስገባላችሁ፣ ከዛ የፈለጋችሁትን መጽሐፍ ትጠይቃላችሁ፣ አሳታሚው ፕሮፋይላችሁን አይቶ ወይ ይፈቅዳል ወይ ይከለክላል። መከልከል የተለመደ ነው አይክበዳችሁ፣ አንዳንዴ ችግሩ ከእናንተም አይደለም፣ አሳታሚው የመጽሐፉን መብት የያዘው ለአሜሪካ ወይ ለእንግሊዝ ብቻ ከሆነ ለሌላ አገር ሰው ላይፈቅድ ይችላል። ሳይጠየቅ ወዲያው የሚወርድ "ሪድ ናው" የሚሉት ክፍል ግን አለ፣ ጀማሪ እዛ ቢጀምር ይሻለዋል። ስልክ ላይ የራሳቸው አፕ አላቸው፣ ኪንድል (የአማዞን የመጽሐፍ ማንበቢያ) ያለው ደግሞ አሳታሚው ከፈቀደ እዛ ያነባል።

አሁን ነጻ ነው እንዳትሉኝ። ከወሰዳችሁት ውስጥ ስንቱ ላይ ሪቪው እንደጻፋችሁ በፐርሰንት ተሰልቶ ፕሮፋይላችሁ ላይ ይቀመጣል፣ ኔትጋሊ ራሱ 80 ፐርሰንት ቢሆን ይመረጣል ይላል፣ ያንን ለሞላ ሰው ደግሞ ባጅ ይሰጣል። 10 ወስዶ 3 ላይ ብቻ የጻፈ ሰው ቀጣዩን ሲጠይቅ አሳታሚው ያያታል ያቺን ቁጥር። ሽፋኑ ስላማረ ብቻ ሁሉንም የሚጠይቅ ሰው በአንድ ወር ውስጥ የቤት ስራ ያለበት ተማሪ ሆኖ ያርፋል። ሽፋኑንም ቢሆን ወደዳችሁት ወይ ብለው ድምጽ ያሰጧችኋል፣ ለአሳታሚው በነጻ የተሰራ የገበያ ጥናት ማለት እኮ ነው፣ ጎበዞች ናቸው በእውነት። ደግሞ የምታነቡት እርማቱ ያላለቀ ቅጂ ነው፣ የፊደል ስህተት አለው፣ ከታተመው ጋር ሳታመሳክሩ ቃል በቃል አትጥቀሱ የሚል ማሳሰቢያም አይጠፋውም።

ይሄን ሁሉ ጥድፊያ ምን አመጣው ካላችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ የታዘዘ መጽሐፍ ሁሉ ባብዛኛው የሚቆጠረው በወጣበት የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጭ ላይ ነው፣ ቤስትሴለር ሊስት ውስጥ የሚያስገባውም እሱ ሳምንት ነው። ስለዚህ ወሬው ከወጣ በኋላ ቢመጣ ግማሽ ጥቅሙ ቀርቷል። የሽፋን ማሳያው ቪዲዮ፣ ቀድሞ ላዘዘ ፊርማ ያለበት ቅጂ፣ ጠርዙ ቀለም የተቀባ ልዩ እትም፣ ምናምን ምናምን፣ ሁሉም ለዛች ሳምንት ነው።

ጉድሪድስ ጊቭአዌይ ላይ ግን ትንሽ እከፋለሁ። ጉድሪድስን አማዞን እ.ኤ.አ በ2013 ገዛው፣ ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ጊቭአዌይ የሚያወጣ አሳታሚ እንዲከፍል ተደረገ፣ ያኔ መደበኛው 119 ዶላር ፕሪሚየሙ 599 ዶላር ነበር፣ የታተመ መጽሐፍ ከሆነ ቅጂውን ሳይጨምር ማለት ነው። አሳታሚው ለዚህ ብር ምን ያገኛል? ዕጣው ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ መጽሐፉ "ማንበብ እፈልጋለሁ" የሚለው መደርደሪያው ላይ ራሱ ይገባል፣ ጓደኞቹም ያዩለታል። በቃ ማስታወቂያው እናንተ ናችሁ፣ ሺህ ሰው ገብቶ መቶ ሰው ቢያሸንፍ ዘጠኝ መቶው በባዶ ሰርቷል። በክፍያ የሆነው ዕጣ ደግሞ ሲጀመር አሜሪካ ለሚኖር ሰው ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ሞክሩ፣ እኛ እዚህ ያለነው ግን ጊዜያችሁን አታባክኑ ነው የምለው።

ሌላው ነገር፣ ጉድሪድስ ላይ ያልወጣ መጽሐፍ ላይ ኮከብ መስጠት ይቻላል። እ.ኤ.አ በ2023 አንዲት ታዋቂ አሜሪካዊት ደራሲ የልብወለዷ ታሪክ ሩሲያ ውስጥ ስለሆነ ብቻ ብዙ ሰው ሳያነብ አንድ ኮከብ እየደረደረባት የመጽሐፏን መውጫ ቀን ሰርዛለች። አሳታሚዎች ወሬ ቀድሞ እንዲመጣ የከፈቱት በር መጥፎውንም ወሬ ያስገባል።

የእኛን አገር ሳስበው አንድ ነገር ይቆጨኛል። ደራሲው ራሱ ፌስቡክ ላይ ሽፋኑን "በቅርብ ቀን" ብሎ ይለጥፋል፣ ቴሌግራም ላይ አንድ ምዕራፍ ይለቃል፣ ምረቃ ይጠራል፣ ከዛ "ገበያ ላይ ውሏል" ብሎ የመደብሮቹን ስም ይደረድራል፣ አለቀ። ቀድሞ ያነበበ አንባቢ የጻፈው ግን የለም፣ ጀርባው ላይ ያለው አድናቆትም ባብዛኛው የወዳጅ ነው። ፒዲኤፉ በሁለተኛው ቀን ቴሌግራም ላይ ይለቀቅብኛል ብለው ይፈራሉ፣ አልፈርድባቸውም፣ ሲለቀቅ አይተናል። ኔትጋሊ ላይ ግን አሳታሚው ከፈለገ ፋይሉ ይቆለፋል፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይመችም፣ ከጊዜ በኋላም ራሱ ይዘጋል። ሰርቆ የሚያወጣው አይጠፋም፣ ሆኖም እኛ ጋ ለሃያ ለሰላሳ የታመነ አንባቢ የታተመውን ከምረቃው በፊት መስጠት ምን ይከለክላል፣ ፒዲኤፍም አያስፈልገውም።

ለማንኛውም ነጥቤ፣ ኔትጋሊ 4 ከ5፣ ምን እንደሚፈልግባችሁ ከመጀመሪያው ይነግራችኋላ። አንዱን የቀነስኩት ፍለጋው ስለሚያደክም ነው፣ ጥሩ ልብወለድ ለማግኘት ብዙ እንቶ ፈንቶ ማለፍ አለባችሁ። የጉድሪድስ ጊቭአዌይ 2 ከ5፣ ጉድሪድስ ራሱ ግን ያነበብኩትን ለመመዝገብ ስለሚመቸኝ አልለቀውም። ኔትጋሊ ለመጀመር ያሰበ ሰው በአንዴ ከሁለት መጽሐፍ በላይ አይጠይቅ፣ አሳታሚዎቹ በአንድ ቀን ሁሉንም ሊፈቅዱለት ይችላሉ።