የሲ መደበኛ ላይብረሪ በቋሚ ስፋት መስኮች ሲፈተን

የእያንዳንዱ መስክ ስፋት አስቀድሞ የተወሰነበትን ፋይል፣ ለምሳሌ ስም 20 ባይት፣ ሒሳብ 8 ባይት የሚይዝበትን፣ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ለመጻፍና ለማንበብ የሚያስፈልገው ከሞላ ጎደል ሁሉ በቋንቋው መደበኛ ላይብረሪ (ከቋንቋው ጋር በሚመጣው የዝግጁ ፈንክሽኖች ስብስብ) ውስጥ ይገኛል፤ መሣሪያዎቹ ግን እኩል የሚታመኑ አይደሉም።

ለመጻፍ፣ ጽሑፍንና ቁጥርን በተፈለገው ቅርጽ የሚያዘጋጀውን ኤስኤንፕሪንትኤፍን (snprintf) የሚያህል የለም። በ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ የተካተተው ይህ ፈንክሽን ከተሰጠው ቦታ አያልፍም፤ የሚመልሰው ቁጥርም ቦታው ቢበቃ ሊጻፍ ይችል የነበረውን ርዝመት ስለሚናገር፣ ጽሑፉ መቆረጡን ለማወቅ አንድ ንጽጽር ይበቃል። ሆኖም ለቁጥር የሚሰጠው ስፋት ዝቅተኛው ወሰን ብቻ ነው፦ 8 አሃዝ በተባለበት መስክ 9 አሃዝ ያለው ቁጥር ቢመጣ፣ በበፈሩ (ጽሑፉ በሚዘጋጅበት የሜሞሪ ክፍል) ቦታ እስካለ ድረስ ሁሉም ይጻፍና የሚከተሉት መስኮች በአንድ ባይት ይንሸራተታሉ። የጽሑፉን መጨረሻ የሚያመለክተው መዝጊያ ዜሮ ባይትም ቦታ ስለሚፈልግ ለ8 ባይት መስክ የ9 ባይት በፈር መያዝ ግድ ነው።

እስከ ተወሰነ ባይት ድረስ ጽሑፍ የሚገለብጠው ስትርኤንኮፒ (strncpy) ብዙ ይወቀሳል፤ የወቀሳው ግማሽ ግን ያለ ቦታው ነው። የተሠራው በጥንቱ ዩኒክስ 14 ባይት ብቻ የተመደበላቸውን የፋይል ስሞች ለመሙላት በመሆኑ፣ ትርፉን በዜሮ መሙላቱም ሆነ መስኩ ሲሞላ መዝጊያ አለመጨመሩ ለዚያ ሥራ ትክክል ነበር። አደገኛ የሚሆነው እንደ ተራ የስትሪንግ (በዜሮ ባይት የሚዘጋ ጽሑፍ) መገልበጫ ሲወሰድ ነው።

ከጽሑፍ ውስጥ ቁጥሮችንና ቃላትን ለይቶ የሚያወጣውን ኤስስካንኤፍን (sscanf) ለንባብ አልመክርም። ቁጥር ሲያነብ ከፊት ያሉትን ክፍት ቦታዎች ከስፋቱ ሳይቆጥር ስለሚዘልላቸው፣ ባዶ የተተወ መስክ ሲያጋጥመው ምንም ሳያሳውቅ የቀጣዩን መስክ አሃዞች ይወስዳል። አስተማማኙ መንገድ መስኩን ወደ ትንሽ በፈር ገልብጦ፣ በዜሮ ባይት ዘግቶ፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር ለሚቀይረው ስትርቶል (strtol) የአቆጣጠሩ መሠረት 10 መሆኑን ነግሮ መስጠት ነው፤ መሠረቱ 0 ከተባለ 00000123 በስምንትዮሽ ተነቦ 83 ይሆናል።

ቁጥሮች በጽሑፍ ሳይሆን በሜሞሪ ባሉበት መልክ ለሚቀመጡበት ባይነሪ መዝገብ፣ እንደ ኢንት32 (int32_t፣ 32 ቢት የሚይዝ ቁጥር) ያሉት ዓይነቶች ስፋትን በአስተማማኝ ሁኔታ ይጠብቃሉ፤ የባይቶችን ቅደም ተከተልና በስትራክት (መስኮችን በአንድነት በሚይዝ መዋቅር) ውስጥ የሚገባውን ክፍተት ግን ለፕሮግራመሩ ይተዋሉ።

ትልቁ ጉድለት ስፋት ሁሉ በባይት መቆጠሩ ነው። ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው የዩቲኤፍ 8 (UTF-8) አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ የ20 ባይቱ ስም 6 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ሰባተኛው በሁለተኛው ባይቱ ላይ ተቆርጦ የማይነበብ ቅሪት ይሆናል፤ ይህን የሚከላከለውን ቆራጭ ፈንክሽን መጻፍም የተጠቃሚው ዕዳ ነው።