«ሻንሲው ታድሷል» የተባለ አሮጌ የጀርመን መኪና፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ባሕር ዳርም ውስጥ አሮጌ መርሰዲስና ቢኤምደብሊው ቀለም እየተቀባ «ሻንሲው ታድሷል» በሚል በውድ ይቀርባል። እነዚህ መኪኖች እንደ አይሱዙ ራሱን የቻለ ሻንሲ (አካሉን ከሥር የሚሸከም የብረት ፍሬም) የላቸውም። የሚሸከመው አካሉ ነው፤ በተለይ ከበሮቹ ሥር ያለው፣ ላሜራ ተደራርቦ የተሠራው ውስጠ ባዶ ሣጥን። እሱ ከበሰበሰ አካሉ ኮብል ላይ በወጣ ቁጥር ይጣመማል።

«ታድሷል» የሚሉት ብዙ ጊዜ ዝገቱ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ከሥር አንግል ብረት ተበይዶ፣ በላዩ ጥቁር ቀለም የተረጨበትን ነው። ላሜራው አንድ ሚሊ ገደማ ስለሆነ ወፍራም አንግል ሲበየድበት አንግሉ ምንም አይሆንም፤ ላሜራው ከብየዳው ጠርዝ ይቀደዳል።

መፈተሻው ክሪክ ነው። ደልዳላ ቦታ ላይ በሮቹን ከፍታችሁ ዝጉ። ከዚያም ከፊት በኩል ባለው የክሪክ ቦታ የፊት ጎማው ከመሬት እስኪለቅ አንሡና የዚያን ጎን በሮች እንደገና ሞክሩ (ከሥሩ እንዳትገቡ)። ቅድም በቀላሉ የተዘጋው በር አሁን ካነቀ፣ ወይም እኩል የነበረው ክፍተት ሽብልቅ ከመሰለ ሣጥኑ ሞቷል። ክሪኩ ራሱ ላሜራው ውስጥ ከሰመጠማ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከበሩ ሥር አስኪዱ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው።

ከፈረንጅ 1989 መገባደጃ ወዲህ የተሠራው ደብሊው 124 መርሰዲስ ጎኑ በፕላስቲክ ስለሚሸፈን ማግኔት አይረዳም። የክሪክ ቀዳዳውን ክዳን አውጥታችሁ ውስጡን በካቻቢቴ ውጉ። ሻጩ ይህን ከከለከለ ሂዱ። ኢ46 ቢኤምደብሊው ላይ ደግሞ ችግሩ ከኋላ ነው፦ የኋላ ጎማዎችን የሚይዘው ፍሬም የሚታሰርባቸው አራት ነጥቦች ዙሪያ ወለሉ ይሰነጠቃል። አንደኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትለቁ ከኋላ «ጓ» ካለ ከሥር በባትሪ ብርሃን ይታይ። ስንጥቁን ብቻ መበየድ አይበቃም፤ ማጠናከሪያ ላሜራ ካልገባ አጠገቡ ይሰነጠቃል።

«የጣና እርጥበት ነው» ለሚላችሁ፦ ጣና ጨው የለውም። ጥፋተኛው የሣጥኑን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች የደፈነው ጭቃ ነው፤ የክረምቱ ውኃ እዚያው ይተኛል። ከአውሮፓ የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ እዚያ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አብሮት መጥቷል።

ቦሎ መለጠፉን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት። እውነተኛ ጥገና የውስጡንም የውጭውንም ላሜራ ቆርጦ መቀየር ነው፤ ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፍት በብረት ካልተወጠረ አካሉ እንደረገበ ይበየዳል። የሥራው ፎቶ ከሌለ ጥገናውን ዋጋው ውስጥ አታስገቡ።