ቦስ አርሲ-1 ሉፐር ለትራምፔት ነፊ ይሆናል?

አርሲ-1 ሉፐር፣ ማለትም የነፋችሁትን ቀድታ እያዞረች የምታጫውት የቦስ ፔዳል፣ ቤቴ ከገባች ስምንት ወሯ ነው። ቀይ፣ መዳፍ የምታህል የብረት ሳጥን ነች። አንድ መርገጫና አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው ያላት። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ ያገለገለ በ80 ዶላር ገዝታ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ኤርፖርት ላይ «ምንድነው?» ሲሏት «የጊታር ዕቃ» ብላ አለፈች።

ጊታር የለኝም። ያለኝ በወጣትነቴ ማርሽ ባንድ ውስጥ የነፋሁበት ትራምፔት ነው።

ነሐስ እኛ ዘንድ ሰልፍ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. አርባዎቹ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው ለቤተ መንግሥቱ መንፋት ከጀመሩ ወዲህ፣ ብዙው ትራምፔት ነፊ የተማረው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጮክ አድርጎ፣ እርምጃ እየጠበቀ ነው። እኔም እንደዚያው። አሁን ያማረኝ ግን ተቃራኒው ነው። ምት የሌለው፣ ቀስ ብሎ ክፍሉን እንደ ዕጣን ጭስ የሚሞላ ድምፅ። አምቢየንት የሚሉት።

አሠራሯ ቀላል ነው። አንዴ ስትረግጧት ትቀዳለች። ስትደግሙ የቀዳችውን እያዞረች ታጫውታለች። ሦስተኛው ላይ አዲሱን በድሮው ላይ ትደርባለች። እስከ 12 ደቂቃ ትይዛለች፤ የኔ ዙር ግን ከ40 ሰከንድ አልፎ አያውቅም። ፊቷ ላይ 24 ክፍል ያለው የመብራት ቀለበት አለ፤ ዙሩ የት እንደደረሰ ያሳያል። መጀመሪያ ጌጥ መስሎኝ ነበር። አሁን የምተነፍስበትን ቦታ የምመርጠው እሱን እያየሁ ነው።

የመጀመሪያው ማታ አንድ ወፍራም ድምፅ ቀዳሁና ትራምፔቱን ከአፌ አነሳሁ። ድምፁ ቀጠለ። ይሄን ሁሉ ዓመት ስነፋ በራሴ ድምፅ ላይ ተደግፌ ነፍቼ አላውቅም። ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ። እራቴ ቀዘቀዘ።

አሁን ወደ ጣጣው።

ማይክ በቀጥታ አይሰካባትም፤ መግቢያዋ የጊታር ነው። የኔ አሰካክ እንዲህ ነው፦ ሹር ኤስኤም57 ማይክ፣ ቀጥሎ ትንሽ ሚክሰር፣ ቀጥሎ ቦስ አርቪ-6 ሪቨርብ (ድምፁን ሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ የሚያስተጋባ ፔዳል)፣ ቀጥሎ ሉፐሯ፣ መጨረሻ ላይ ስፒከር። የሚክሰሩን መውጫ በጣም ዝቅ አድርጉት፤ ካልሆነ ድምፁ ይሻክራል።

አዳፕተሩ ገንዘቤን በልቷል። ከአሜሪካ የመጣው በ120 ቮልት ስለሚሠራ እዚህ አይሰካም። አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ 9 ቮልት 9 ቮልት ነው» አለኝ። አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ፔዳል የሶኬቱ መሃል ነጌቲቭ መሆን አለበት፤ የሸጠልኝ ፖዘቲቭ ነበር። ሁለተኛው አዳፕተር ሠራ፣ ግን ውስጥ ውስጡን «እምም» ይላል። አንዴ ቢሆን ግድ የለም። ሉፐር ላይ ግን በደረባችሁ ቁጥር እምምታውም አብሮ ይደረባል። ስድስተኛው ድርብ ላይ ቤቴ ወፍጮ ቤት ሆነ። ሦስተኛው አዳፕተር ላይ ተገላገልኩ። በ9 ቮልት ባትሪም ትሠራለች፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሚክሰሩና ስፒከሩ አብረው ስለሚጠፉ ለኔ ምንም አልፈየደም።

ትልቁ ራስ ምታት ስፌቱ ነበር። ዙሩ ሲያልቅና እንደገና ሲጀምር የሪቨርቡ ጭራ፣ ማለትም እየሞተ የሚሄደው ማስተጋባት፣ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ያስታውቃል። ሳምንታት ፈጀብኝ። መፍትሔው ሲገኝ ያስቃል፦ መጀመሪያ ዝምታ ቅዱ። ሳትነፉ 30 ሰከንድ ቀድታችሁ ዙሩን ዝጉት። ከዚያ ባዶው ላይ ደርቡ። ጭራው መዝጊያውን አልፎ ወደ መጀመሪያው ይፈስሳል፤ ስፌቱ ይጠፋል።

ቅኝትም መምረጥ አለባችሁ። ሜጀር ትዝታ ለዚህ የተፈጠረ ነው። በአምስቱ ድምፆች መካከል ግማሽ ድምፅ የሚባለው በጣም ጠባብ ርቀት ስለሌለ፣ የቱንም በየቱ ላይ ብትደርቡ አይጣሉም። አንቺሆዬ ሌላ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በግማሽ ድምፅ ይነካካሉ፤ በረጅም ሪቨርብ ውስጥ ሲቀመጡ እርስ በርስ ይፋጫሉ። እስከ ሁለት ድርብ ድረስ ያ ፍጭት አንጀት ይበላል። አራተኛው ላይ ጭቃ ነው። አንቺሆዬን የምወድ ሰው ስለሆንኩ ይሄ ትንሽ አሳዝኖኛል። አሁን ከስር ሁለት ድምፅ ብቻ ደርቤ፣ ዜማውን ከላይ ሳልቀዳ እነፋለሁ።

የጎደላት? የደረባችሁት እያደር አይደበዝዝም። ድሮ በቴፕ ዙር ሲሠሩ አሮጌው ድምፅ ቀስ እያለ እንዲሞት ማድረግ ይቻል ነበር። እዚህ የመጀመሪያው ድርብ እንደ መጨረሻው ትኩስ ነው። መርገጫውን ይዛችሁ ብታቆዩ የመጨረሻውን ብቻ ታነሳለች። ለማቆም ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ መርገጥ ነው፤ ሳንባዬን ሞልቼ ቆሜ እግሬ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። የምታስቀምጠውም አንድ ዙር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ማንም አይነግራችሁም። ትራምፔት ውሃ ያንጠባጥባል። ፔዳሎቹ ደግሞ እግራችሁ ስር ናቸው። እኔ የቆየ ፎጣ ከጎን አነጥፌ ውሃውን እዚያ ነው የማራግፈው።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ከታች ያሉት እማማ አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ማታ ማታ የሚያንጎራጉረው ምንድነው?» አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል «አይ፣ ግድ የለም። የድሮው ነው ያስቸገረኝ» አሉ። የድሮው ማለት ያለ ሉፐር የምነፋው ነው።

በ80 ዶላር ካገኛችኋት አታቅማሙ፤ አዳፕተሩን ግን መሃሉ ነጌቲቭ መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ። የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ትመጣለች። ማቆሚያ የሚሆን ሁለተኛ መርገጫ እንድታመጣልኝ ልኬባታለሁ፤ ሉፐሯ ለሱ የሚሆን ቀዳዳ አላት። «ደግሞ ሌላ የጊታር ዕቃ?» ብላ መለሰችልኝ።